ሌባ ሻዩ የማን ደጅ ወደቀ?

(ይህ ለባዮሎጂ ተማሪዎችና ጉዳዩን ማወቅ ለፈለጉ አድማጮች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ ነው። ስናገር ያሳየኋቸው ምስሎች እዚህ ስለሌሉ አንዳንዱን በቃል ለመግለጽ ሞክሬአለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ላላችሁት ይሰማል? ጥሩ።

በጥያቄ ልጀምር። ሌባ ሻይ ሲባል የሰማችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። እንደገመትኩት ነው፤ አባቶችና እናቶች ብቻ። ወጣቶቹ ሻይ ቤት መስሏችኋል። ሻይ እዚህ ላይ «ፈላጊ» ማለት ነው፣ «ሻ» ከሚለው ቃል። በድሮ ጊዜ ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ሲያመለክት ሌባ ሻዩ አንድ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁን መድኃኒት ያጠጡታል፣ የሆነ ነገር ያስጨሱታል። ልጁ ራሱን ይስታል። ከዚያ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ፣ አዋቂዎቹ ከኋላ ይዘውት መንደር ለመንደር ይዞራል። ይንገዳገዳል፣ ይድሃል፣ በመጨረሻ አንዱ ቤት ገብቶ ይዘረራል። አለቀ። ሌባው የዚያ ቤት ባለቤት ነው። ይክፈል!

ዛሬ ስንሰማው እንስቃለን። ልጁ ደክሞት ቢሆንስ የወደቀው? ደጃፉ ላይ ድንጋይ አደናቅፎት ቢሆንስ? የጠላ ሽታ ስቦት ቢሆንስ? እኔ ግን ብዙም አልስቅም። ምክንያቱም የእኔም ሥራ ለዓመታት ይኸው ነበር። ከፍሪጅ ትንሽ ብልቃጥ አወጣለሁ። ውስጡ ያለውን ጠብታ ናሙናዬ ላይ አፈስሳለሁ። ጠብታው ውስጥ ያለው ነገር ሲዞር ያድርና የሆነ ቦታ ላይ ይወድቃል። የወደቀበትን አያለሁ። ከዚያ «ፕሮቲኑ እዚህ አለ» ብዬ እጽፋለሁ። ያ ነገር ፕራይመሪ አንቲቦዲ ይባላል።

አንቲቦዲን በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል እንለዋለን። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ሁላችንም አንቲቦዲ ነው የምንለው፤ ዛሬም እንደዚያው ልቀጥል። ራሱም ፕሮቲን ነው። ቅርጹን ለመገመት ገጠር ቤት የምትደገፍበትን ባላ አስቡ። ከላይ ለሁለት የተከፈለ፣ ከታች አንድ ግንድ። ሁለቱ ጫፎች የሚፈልጉትን ነገር ይይዛሉ። ግንዱ ደግሞ ለሌሎች መያዣ ይሆናል። ብዙ የምንጠቀምበት ዓይነት ክብደቱ ወደ 150 ኪሎዳልተን ነው፤ ኪሎዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው። በኬሚካል ሲፈታታ ሁለት ከባድ ሰንሰለቶች ይወጡታል፣ እያንዳንዳቸው ወደ 50 የሚጠጉ። ሁለት ቀላል ሰንሰለቶችም አሉት፣ እያንዳንዳቸው ወደ 25። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 50ን እና 25ን፣ ያዙልኝ። በኋላ ጉድ ያፈሉብኛል።

ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ከጥንቸል። ወይም ከአይጥ፣ ከፍየል፣ ከበግ። የሰውን ፕሮቲን ወይም ቁራጩን ወስደን ጥንቸሏን እንወጋታለን። የጥንቸሏ ሰውነት «ይሄ ባዳ ነው» ይልና አንቲቦዲ ይሠራበታል። ከሳምንታት በኋላ ደሟን እንቀዳለን። ደሟ ውስጥ ያለው ግን አንድ ዓይነት አንቲቦዲ አይደለም። አንዱ የፕሮቲኑን ራስ ይይዛል፣ አንዱ ወገቡን፣ አንዱ እግሩን። አንዳንዱ ደግሞ ጥንቸሏ ባለፈው ወር ከያዛት ሌላ ነገር የተረፈ ነው። ይህ ድብልቅ ፖሊክሎናል ይባላል። ጥሩ ሲሆን በጣም ጥሩ ነው። ችግሩ ጥንቸሏ ስትሞት አንቲቦዲውም አብሮ ይሞታል። ሌላ ጥንቸል ብትወጉ ሌላ ድብልቅ ነው የምታገኙት። ብልቃጡ ላይ ያለው ስምና የካታሎግ ቁጥር ግን ያው ነው! ሰው ሞቶ መታወቂያው ሲሠራ እንደማለት ነው።

ይህን ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ1975 ካምብሪጅ ውስጥ ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን አንድ ዘዴ አወጡ። አንቲቦዲ የምትሠራን አንዲት የአይጥ ህዋስ ከማትሞት የካንሰር ህዋስ ጋር አዋሃዱ። የተወለደችው ህዋስ የማትሞት ሆነች፤ ያለማቋረጥ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ትሠራለች። ይህ ሞኖክሎናል ነው። በ1984 ከኒልስ ጄርኔ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኙበት። የባለቤትነት መብት አላስመዘገቡበትም። በኋላ በዚህ ዘዴ ስንት ቢሊዮን ዶላር እንደተሠራ ስታስቡ ያንገበግባል። ዛሬ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ። የአንቲቦዲውን የዘረመል ፊደል አንብቦ በሌላ ህዋስ ማሠራት ነው፤ ሪኮምቢናንት ይሉታል። ፊደሉ እስካለ ድረስ በማንኛውም ጊዜ ያንኑ ራሱን ማሠራት ይቻላል። ጥንቸልም መሞት የለባትም።

አሁን ወደ ሥራው ልውሰዳችሁ። ላብራቶሪ ገብታችሁ የማታውቁ አትሰልቹ፤ ከወጥ ቤት ብዙም አይርቅም።

በብዛት የሚሠራው ዌስተርን ብሎት የሚባለው፣ ፕሮቲኖችን በክብደት ለይቶ የሚፈለገውን በአንቲቦዲ የማግኛ ዘዴ ነው። የስሙን ነገር ላውራችሁና ልቀጥል። በ1975 ኤድዊን ሳውዘርን የሚባል እንግሊዛዊ ዲኤንኤን ከጄል ወደ ሜምብሬን የሚያዛውር ዘዴ ፈለሰፈ። በስሙ ሳውዘርን ብሎት ተባለ። የሰውዬው ስም «ደቡባዊ» ማለት ነው። ቀልደኞች ተነሡና ለአርኤንኤ የመጣውን ዘዴ «ሰሜናዊ» አሉት። በ1979 ሃሪ ቶውቢንና ባልደረቦቹ ባዝል ላይ ለፕሮቲን ሠሩት። በ1981 ደግሞ ኒል በርኔት የሚባል፣ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የሚሠራ ተመራማሪ «ምዕራባዊ» ብሎ ሰየመው። እንግዲህ የሳይንስ ስም አወጣጥ ይኼ ነው። ምሥራቃዊውን ለመሰየም እስከ ዛሬ ይጣላሉ።

መጀመሪያ ህዋሶቹን እንሰባብራለን። ከዚያ ሳሙና መሰል ኬሚካል ጨምረን ወደ 95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ እናሞቃለን። ፕሮቲኖቹ ተጠቅልለው ነበር፤ አሁን ይተረተራሉ። ከዚያ ጄል ላይ እናፈሳቸውና ኤሌክትሪክ እንለቅባቸዋለን። ጄሉ እንደ ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ነው። ትንንሾቹ ሹልክ እያሉ ቶሎ ይወርዳሉ፤ ትልልቆቹ እየተጠላለፉ ከላይ ይቀራሉ። በዚህ ዘዴ ፕሮቲኖቹ በክብደታቸው ተራ ይሰለፋሉ። ቀጥሎ ሰልፉን እንዳለ ወረቀት ወደሚመስል ሜምብሬን እናዛውረዋለን።

እዚህ ጋ ወተት ይመጣል። አዎ፣ ወተት። ስቡ የወጣለት የዱቄት ወተት፣ 5 በመቶ ተደርጎ ይበጠበጣል። ሜምብሬኑ ሆዳም ነው፤ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ይውጣል። አንቲቦዲም ፕሮቲን ስለሆነ ዝም ብላችሁ ብታፈሱት ሁሉም ቦታ ተለጥፎ ሜምብሬኑ ጥቁር በጥቁር ይሆናል። ስለዚህ በወተት አስቀድመን እናጠግበዋለን። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ልጆቹን ማብላት ማለት ነው።

ከዚያ ነው ፕራይመሪው የሚመጣው። አንድ እጅ አንቲቦዲ፣ አንድ ሺህ እጅ ማቅጠኛ። ይህ መነሻ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ልክ አለው። በ4 ዲግሪ ቀስ እየተወዛወዘ ያድራል። ጠዋት በደንብ ይታጠባል። እጠቡ! የተማሪ ችግር ግማሹ አለማጠብ ነው።

ፕራይመሪው ግን አይታይም። ቀለም የለውም፣ ብርሃን የለውም። ልጁ ጨለማ ውስጥ ወድቋል፤ ገመዱን ተከትሎ የሚያገኘው ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰከንደሪ አንቲቦዲ ነው። ፕራይመሪው ከጥንቸል የመጣ ከሆነ፣ ሰከንደሪው የጥንቸል አንቲቦዲን የሚይዝ የፍየል አንቲቦዲ ነው። ጀርባው ላይ ፋኖስ ተሸክሟል። ፋኖሱ ብዙ ጊዜ ሆርስራዲሽ ከሚባል ተክል ሥር የሚወጣ ኤንዛይም ነው። እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚነድድ ሥር ነው፤ በዝምድናም ከሰናፍጭ ወገን ነው። ኬሚካል ሲጨመርበት ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑን ካሜራ ያነሣዋል። ሥዕሉ ላይ አንድ ጥቁር መስመር፣ ባንድ የምንለው፣ ይወጣል።

«ለምን በሁለት ደረጃ? ፋኖሱን ራሱ ፕራይመሪው ላይ ለምን አታስሩትም?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር በዕረፍት ሰዓት። ይቻላል፣ ይደረጋልም። ነገር ግን አንድ ሰከንደሪ ከተገዛ ለጥንቸል አንቲቦዲ ሁሉ ያገለግላል፤ ርካሽ ነው። ደግሞ በአንዱ ፕራይመሪ ላይ ብዙ ሰከንደሪ ይሳፈራል። አንድ ሰው የወደቀበት ቦታ አምስት ፋኖስ ሲሰበሰብ ከሩቅ ይታያል።

እስካሁን ያልኩት መጽሐፍ ላይ የምታገኙት ነው። አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አይጥ ጉበት ውስጥ አንድ ፕሮቲን እፈልግ ነበር። የፕሮቲኑ ክብደት 52 ኪሎዳልተን አካባቢ ነው። አንቲቦዲ ገዛን። ብዙ ጊዜ አንዷ ትንሽ ብልቃጥ ከ300 ዶላር በላይ ናት፣ ስለዚህ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምይዛት። ሠራሁ። 50 አካባቢ ላይ ቁጭ ያለ ወፍራም ባንድ መጣ። ንጹሕ፣ ጥቁር፣ የሚያምር። በሦስት ወር ውስጥ ምናልባት ሠላሳ ጊዜ ደጋገምኩት። የታመመ አይጥ ላይ ባንዱ ይጨምራል፣ ጤነኛው ላይ ይቀንሳል። ታሪኩ ሁሉ ገጠመልኝ። ጽሑፉን በልቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር።

ላብራቶሪያችን ውስጥ ለብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ጋሼ ነበሩ። ብዙ አይናገሩም። አንድ ቀን ሥዕሌን አዩና «ልጄ፣ ያለ ፕራይመሪ ሞክረሽዋል?» አሉኝ። ፕራይመሪ የሌለበት ምን ሊያሳይ ነው ብዬ በልቤ ተናደድኩ። ለይሉኝታ ብዬ ሞከርኩት። ሰከንደሪ ብቻ።

ባንዱ እዚያው ቁጭ አለ። ያው ወፍራም፣ ያው ጥቁር። 25 ላይ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ አለ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥዕሉን ስቆርጠው የማስወጣው ነበር።

50 እና 25። ያስታወሳችሁ አላችሁ? ፕራይመሪዬ ከአይጥ የመጣ ነበር። ስለዚህ ሰከንደሪዬ የአይጥ አንቲቦዲን የሚይዝ ነው። ናሙናዬም የአይጥ ጉበት ነው። ጉበቱ ውስጥ ደም አለ፣ ደሙ ውስጥ የአይጧ የራሷ አንቲቦዲ ሞልቷል። ሰከንደሪው እሱን ነበር የሚይዘው። ሦስት ወር ሙሉ የአይጥ ደም ስለካ ኖሬአለሁ። የታመመችው አይጥ ላይ የጨመረውም ለዚያ ነው፤ ስትታመም ጉበቷ ደም ይቋጥራል። ልጁ ቤቱ ተኝቶ፣ ገመድ ያዦቹ ራሳቸው ደጁ ላይ ወድቀው ነበር።

የዚያን ቀን ማታ ማንንም አላናገርኩም። ጋሼ በማግስቱ ቡና ጋበዙኝ፤ ስለ ባንዱ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ይህ የጀማሪ ስሕተት ነው ትሉ ይሆናል። የትልልቆቹንም ላምጣላችሁ።

በ1996 ስዊድን ውስጥ ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበል አንድ አዲስ ፕሮቲን ተገኘ፤ ቤታ ተባለ። አልፋ የሚባለው ቀድሞ ይታወቃል፣ የጡት ካንሰር ሕክምናም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ቤታም ጡት ውስጥ ምን ይሠራል ተብሎ ዓለም ተረባረበበት። ብዙ ጥናት ወጣ። አንዱ «ቤታ ካለ ጥሩ ምልክት ነው» ይላል። ሌላው «መጥፎ ነው» ይላል። ሌላው «ምንም አይደለም» ይላል። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ሲነታረኩ ኖሩ። በ2017 ደግሞ ስዊድን ያሉ ተመራማሪዎች ሰዉ የሚጠቀምባቸውን 13 አንቲቦዲዎች ሰብስበው አንድ በአንድ ፈተሹ። በአጥጋቢ ሁኔታ ያለፈው አንድ ብቻ ነው። በዚያ በአንዱ ሲያዩ ቤታ የዘር ፍሬ ውስጥ አለ፣ እንቁልጢ ውስጥ አለ፣ ሌሎችም ጥቂት ቦታዎች አለ። ጡት ውስጥስ? ጤነኛውም ላይ ካንሰሩም ላይ አላገኙትም።

እስቲ ትንሽ እዚህ እንቆይ። ሳይንቲስቶቹ አልዋሹም። ሥዕል አልፈበረኩም። እያንዳንዳቸው ባንድ አይተዋል፣ የቀለመ ህዋስ ቆጥረዋል፣ ሒሳብ ሠርተዋል። ልጁ በእርግጥ ወድቋል። የወደቀው ግን ሌላ ሰው ደጅ ነው። በየላብራቶሪው ደግሞ የተለያየ ልጅ ስለነበር በየላብራቶሪው የተለያየ ደጅ። ጭቅጭቁም ከዚያ የመጣ ነው።

ሌላም አለ፤ በአጭሩ። ቶሮንቶ ውስጥ የጣፊያ (ፓንክሪያስ) ካንሰርን ቀድሞ የሚጠቁም ፕሮቲን አገኘን ያሉ ተመራማሪዎች ነበሩ። በተገዛ የአንቲቦዲ መመርመሪያ ለሁለት ዓመት ሠሩ፣ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጡ። በኋላ ሲጣራ መመርመሪያው ይይዝ የነበረው ሲኤ 125 የሚባል፣ ከእንቁልጢ ካንሰር ጋር በተያያዘ ድሮ የሚታወቅ ሌላ ፕሮቲን ነው። ስሕተቱን ራሳቸው ጽፈው በ2014 አወጡት። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አይደለምና ባርኔጣዬን አነሣላቸዋለሁ።

ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው? አንቲቦዲ ፕሮቲኑን ሙሉውን አያየውም። የሚያየው ትንሽ ቦታ ነው፣ ጥቂት አሚኖ አሲዶች። ሰውን በአፍንጫው ብቻ መለየት እንደማለት ነው። እኛ ውስጥ ደግሞ ፕሮቲን የሚሠሩ ወደ 20,000 ጂኖች አሉ። አፍንጫ የሚመስል አፍንጫ አይጠፋም። በተለይ ዘመዳሞች ካሉ። ከዚያም በላይ ብዛት አለ። የምትፈልጉት ፕሮቲን በጣም ጥቂት ከሆነና በትንሹ የሚመስለው ሌላው እንደ አሸዋ ከበዛ፣ አንቲቦዲው የሚያዘነብለው ወደ አሸዋው ነው።

ሌላው ምክንያት ተማሪዎች የሚረሱት ነው። ዌስተርን ላይ ፕሮቲኑ ተተርትሯል ብያችሁ ነበር። ህዋስ ውስጥ ግን እንደተጠቀለለ ነው። ነጠላን አስቡ። የነጠላውን ጥለት የሚያውቅ ሰው ተተርትሮ ክር ሆኖ ቢያሳዩት አያውቀውም። ክሩን ብቻ የሚያውቅ ደግሞ ጥለቱን ሲያይ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ «ይህ አንቲቦዲ ይሠራል» የሚባል ነገር የለም። የት ላይ ይሠራል? ዌስተርን ላይ? በፎርማሊን የቆየ ሥጋ ላይ? በሕይወት ያለ ህዋስ ላይ? ለእያንዳንዱ ለየብቻ መፈተን አለበት።

ፈተናው ምንድን ነው? እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማምነው አንድ ነው። ፕሮቲኑን ከህዋሱ አጥፉት፣ ከዚያ ልጁን ልቀቁት። ዛሬ ክሪስፐር በሚባለው መቀስ አንድን ጂን ከህዋስ ውስጥ መቁረጥ ይቻላል፤ እንዲህ ያለውን ህዋስ ኖክአውት እንለዋለን። ጎን ለጎን ታስቀምጧቸዋላችሁ፤ ፕሮቲኑ ያለበትና የሌለበት። የሌለበት ላይ ባንዱ ከጠፋ አንቲቦዲው እውነተኛ ነው። ካልጠፋ፣ በቃ፣ ባዶ ቤት ውስጥ የሚወድቅ ልጅ ነው ያላችሁ።

ካናዳ ሞንትሪያል ያለ አንድ ቡድን ይህንን በሰፊው ሠራው። ሻጮቹን ኩባንያዎች ራሳቸውን አስተባበረ፤ አንቲቦዲውን በነፃ ሰጡ። በ2023 ባወጡት ሥራ ለ65 ፕሮቲኖች የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎችን በዚህ መንገድ ፈትነዋል። መልካሙ ዜና፣ ለአብዛኞቹ ፕሮቲኖች ቢያንስ አንድ ጥሩ አንቲቦዲ ገበያ ላይ አለ። ሪኮምቢናንቶቹ ከሌሎቹ በልጠው ተገኝተዋል። መጥፎው ዜና፣ ለእያንዳንዱ ፕሮቲን በአማካይ ወደ 12 የሚጠጉ የታተሙ ጥናቶች ፕሮቲኑን ጨርሶ በማያውቅ አንቲቦዲ የተሠራ ውጤት ይዘዋል። ኩባንያዎቹ ደግሞ ከወደቁት ውስጥ 20 በመቶ የሚሆነውን ከገበያ አነሡ፣ ሌሎች ላይ መመሪያቸውን አስተካከሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነጋዴ ዕቃውን በራሱ እጅ ከመደርደሪያ ሲያወርድ ስንት ጊዜ አይታችኋል?

እስካሁን ስለ አይጥና ስለ ካናዳ አወራሁ። አሁን ወደ ጤና ኬላ እንውረድ። ምክንያቱም ይህ የላብራቶሪ ሰዎች ብቻ ጣጣ አይደለም።

የወባ ፈጣን መመርመሪያ አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። ጣት ይወጋል፣ አንድ ጠብታ ደም፣ ጥቂት ፈሳሽ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ መጠበቅ። እሱ ማለት ኪስ የሚገባ የአንቲቦዲ ሙከራ ነው። ስትሪፑ ላይ የወርቅ ብናኝ የተሸከመ አንቲቦዲ ተቀምጧል። እውነተኛ ወርቅ ነው፤ በጣም ሲደቅቅ ቀይ ይሆናል። (ለማቅለጥ አትድከሙ።) ደሙ ውስጥ የምንፈልገው ፕሮቲን ካለ፣ ባለ ወርቁ አንቲቦዲ ይዞት ይጓዛል። መስመሩ ላይ የተተከለ ሌላ አንቲቦዲ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀራቸዋል። ቀይ መስመር። ሁለተኛዋ መስመር፣ ሁልጊዜ መውጣት ያለባት፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ወርቁን አንቲቦዲ ራሱን የሚይዝ ነው። ሰከንደሪ እንደማለት ነው። የምትነግራችሁ «ፈሳሹ ደርሷል» ብቻ ነው። «ምርመራው ትክክል ነው» አትልም፤ ሰው ግን እንደዚያ ያነባታል።

ፋልሲፓረም የሚባለውን ከባዱን ወባ ለመያዝ በብዛት የሚፈለገው ፕሮቲን ኤችአርፒ 2 ይባላል። የወባው ጥገኛ በብዛት ያመርተዋል፣ ደም ውስጥ ይለቀዋል። እንግዲህ ሌባውን በኮቱ ነው የምናውቀው ማለት ነው። ኮቱ አንድ ቀላል ችግር አለው፤ ሌባው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ተንጠልጥሎ ይቆያል። የዳነ ሰው ሲመረመር አሁንም «አለብህ» ሊባል ይችላል።

ከባዱ ችግር ሌላ ነው። ሌባው ኮቱን አውልቆ መጣ። ኤችአርፒ 2ን የሚሠራው ጂን የጠፋበት የወባ ጥገኛ መጀመሪያ ፔሩ ውስጥ ታየ። ከዚያ ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ በብዛት ተገኘና አገሪቱ መመርመሪያዋን በ2016 ቀየረች። በ2017 እና በ2018 ደግሞ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በምንዋሰንባቸው አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተደረገ። በ2021 ውጤቱ ወጣ። በዚህ ጂን መጥፋት ምክንያት ብቻ ይህ መመርመሪያ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶውን ያልፋቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት «ከ5 በመቶ ካለፈ መመርመሪያው ይቀየር» ይላል። እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው?

ለምን እንደሚስፋፋ አስቡት። ኮት የለበሰው ጥገኛ ይያዛል፣ ሕሙሙ መድኃኒት ይወስዳል፣ ጥገኛው ይሞታል። ኮቱን ያወለቀው አይታይም። ሰውዬው «ወባ የለብህም» ተብሎ ቤቱ ይገባል። ትንኝ ትነክሰዋለች፣ ለሌላው ታደርሳለች። መመርመሪያው ራሱ ሳያውቀው ወንፊት ሆኖ የተደበቁትን ያሳልፋቸዋል። እዚህ ላይ አንቲቦዲው አልተሳሳተም። በጣም ጥሩ አንቲቦዲ ነው። የተጠየቀውን በትክክል መለሰ፤ «ኮቱ የለም» አለ። «ሌባ የለም» ብለን የሰማነው እኛ ነን።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄ ልቀበል።

(ከተጠየቁት ጥቂቱን ላስቀምጥ።)

አንዲት የማስተርስ ተማሪ «እኛ ኖክአውት ህዋስ የምንገዛበት ገንዘብ የለንም፤ ምን እናድርግ?» አለች። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ካልቻልሽ ሳይአርኤንኤ በሚባለው ለጊዜው መቀነስ ትችያለሽ፤ ርካሽ ነው። ባንዱ አብሮ ከቀነሰ ጥሩ ምልክት ነው። እሱም ከሌለ፣ ፕሮቲኑ በብዛት ያለበትንና ጨርሶ የሌለበትን የአካል ክፍል ፈልገሽ ጎን ለጎን አድርጊ። የፕሮቲኑን የተለያየ ቦታ የሚይዙ ሁለት አንቲቦዲዎች አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡሽ ደግሞ ትንሽ ልብሽ ይረፍ። ከመግዛትሽ በፊት የሻጩን ሥዕል እዪ። ሙሉ ሜምብሬኑን ነው የሚያሳየው ወይስ የተቆረጠች ቀጭን ቁራጭ? ቀጭን ከሆነች እኔ አልገዛም። ያለ ፕራይመሪ መሞከር ግን ምንም አያስወጣሽም። እሱን ካልሠራሽ ይቅርታ የለኝም፤ የጋሼ አደራ አለብኝ።

ሌላው ጠያቂ ስለ መብራት መጥፋት አነሣ። ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ቢቀልጥ አንቲቦዲው ይጣላል ወይ? ብዙዎቹ በግማሽ ግሊሰሪን ተዘጋጅተው ስለሚመጡ ከዜሮ በታች 20 ላይም ፈሳሽ ናቸው፤ አንድ ሌሊት ቢሞቁ ወዲያው አይሞቱም። የሚገድላቸው መቀዝቀዝና መቅለጥ ሲደጋገም ነው። ስለዚህ ብልቃጡ እንደደረሰ በትንንሽ ቱቦ አከፋፍሉት፣ አንዷን ብቻ አውጡ። ቱቦው ላይ ቀን ጻፉ። መብራት የጠፋበትንም ቀን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ከአሮጌ ናሙና ጋር አንድ ጊዜ ፈትኑት፤ ባንዱ ከደከመ ታዩታላችሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከጅግጅጋ ከመጣ ወጣት ነበር። «ጥንቸል አሉ፣ ፍየል አሉ፣ አይጥ አሉ። ግመልስ?» አለ። ቤቱ ሳቀ። እኔ ደግሞ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ባገኝ እያልኩ ነው የመጣሁት። በ1993 ብራስልስ ያሉ ተመራማሪዎች የግመል ደም ሲመረምሩ ያልጠበቁት ነገር አገኙ። ግመል ከተለመደው አንቲቦዲ በተጨማሪ ቀላል ሰንሰለት ጨርሶ የሌለው ሌላ ዓይነት አላት። የሚይዘው ጫፍ ለብቻው ሲቆረጥ 15 ኪሎዳልተን ገደማ ብቻ ነው፣ የተለመደው አንድ አሥረኛ። ናኖቦዲ ይሉታል። ትንሽ ስለሆነ ትልቁ የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ብዙዎቹ ሙቀት ይችላሉ። ባክቴሪያ ውስጥ ስለሚመረትም ወጪው ይቀንሳል። ግመሏ የምታስፈልገው ለመጀመሪያው ጊዜ፣ ትንሽ ደም ለመቅዳት ብቻ ነው።

«አባቴ ግመሎች አሉት» አለ ልጁ። «ላነጋግረው?»

እንደገና ሳቁ። እኔ ግን ከመድረክ ወርጄ ስልኩን ተቀበልኩ።